ሁለተኛው ድምፅ

የዕለቱ ጥያቄ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ይመጣል። እታገኝ ከዚያ በፊት የባሏን ጀርባ ለብ ባለ ውሃ አብሳ፣ አንሶላውን ቀይራ፣ ፀጉሯን ሸፍና መስኮቱ ፊት መቆም አለባት። መስኮት የሚሉት በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተገጠመውን መስታወት ነው። በየሱቁ፣ በየፋብሪካው፣ በየመንገዱ ምሰሶ ላይም አለ። ያያል፣ ይሰማል፣ የሰማውንም አገር ሁሉ ወደሚወያይበት አደባባይ ያወጣል። ኮምቦልቻ ውስጥ መብራት ሲሄድ እሱ ብቻ አይሄድም።

የዚያን ቅዳሜ ጥያቄ በሰሜን በኩል ስላለ አንድ ድልድይ ነበር። እታገኝ ድልድዩን አይታው አታውቅም፤ መኖሩንም የሰማችው ያን ዕለት ነው። ግን መልሱን ማወቅ አይቸግርም፤ አብዛኛው ሰው ምን እንዳለ ከጥያቄው ሥር ተጽፎ ይመጣል። “እቃወማለሁ” የሚለውን ነካችና ፊቷን አስገባች። ፊት ማስገባት ማለት መስኮቱ እያየ ሰባት ሰከንድ ያህል ከልብ መቆጣት ነው። ከ“እደግፋለሁ” እና ከ“እቃወማለሁ” በታች፣ በደቃቅ ፊደል፣ “አላውቅም” የሚል ሦስተኛ ምርጫ አለ። እሱን ማንም አይነካውም።

እታገኝ በመቆጣት ጎበዝ አይደለችም። የምትሠራው ክር ማጠንጠኛ ክፍል ውስጥ ነው፤ እዚያ አለቃቸው ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት ሴቶቹን አሰልፋ ታለማምዳለች። “ቅንድብ! ቅንድብ ወደ ታች! ጥርስ ግጠም!” እያለች በመካከላቸው ትመላለሳለች። እታገኝ ጋ ስትደርስ ሁልጊዜ ትቆማለች። “አንቺ ሴትዮ፣ ይኼ ፊትሽ የተሠራው ለለቅሶ ነው እንዴ?” ትላታለች፤ ሴቶቹም ይስቃሉ፤ እታገኝም አብራ ትስቃለች። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ቀርቷታል።

ባሏ እሸቴ ለሠላሳ አንድ ዓመት የሸክላ ሰፈር ቅሬ መቃብር ቆፋሪ ነበር። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። በዚያ ሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ምክር ቤት ቀረ፣ ጋዜጣ ቀረ፣ የምርጫ ኮሮጆ ሙዚየም ገባ፤ ቅሬ ግን አልቀረም። ሰው ሞትን ይለምደዋል፤ ያለ ቀባሪ መቅረትን አይለምደውም። እሸቴ የሰፈሩን ድንጋያማ መሬት ሲቆፍር የዋጠው አቧራ ሳንባው ውስጥ ተቀምጦ ኖሮ ባለፈው ክረምት አልጋ ላይ ጣለው። ሐኪሞቹ በሳምንታት የሚቆጠር ዕድሜ ነው የሰጡት። እሱም ይህን ያውቃል፤ ለቀባሪው አረዱት ማለት ይኼ ነው። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

“ቀባሪ አያሳጣኝ፣ እታገኝ። እኔ ስንቱን አውርጄ በማሽን እንዳልወርድ።”

“አብሽር። ሰፈሩ ሁሉ ነው የሚወጣልህ” ትለዋለች። ይህን ስትል አልዋሸችም፤ በእርግጥም ያ ቅዳሜ እስኪመጣ ድረስ ሰፈሩ ሁሉ ይወጣለት ነበር።

ማሽን ማለቱ በመምህር ወንድይራድ የተነሳ ነው። መምህር ወንድይራድ የሰፈሩን ልጆች ግማሽ ሒሳብ ያስተማሩ ሽማግሌ ነበሩ። ከወር በፊት አንድ ጠዋት የዕለቱን ጥያቄ አነበቡ፣ መነጽራቸውን ወልውለው እንደገና አነበቡ፣ ከዚያም “አላውቅም” የሚለውን ነኩ። ለምን እንዳሉ ሲጠየቁ “ስለማላውቅ ነው” አሉ። በማግስቱ የዕለቱ ጥያቄ እሳቸው ሆኑ፦ “‘አላውቅም’ የሚል ሰው የሚደብቀው ማንን ነው?” እኩለ ቀን ሳይሞላ ስማቸው በየመስኮቱ ላይ ቀላ።

ስሙ የቀላ ሰው አይታሰርም። ከቤቱ አይባረርም። እንዳይሸጥለት፣ እንዳይነገረው የሚከለክል አንድም ሕግ የለም፤ ሕግ ቢኖር ኖሮ ቢያንስ የሚጥሰው ይገኝ ነበር። ያለው ይኼ ብቻ ነው፦ ከቀይ ስም በሃያ እርምጃ ውስጥ የታየ ሰው መስኮቱ በስሙ ይጠራውና “ከቀይ ስም ጋር ታይተዋል። አቋምዎን ያሳውቁ” ይለዋል። ስለዚህ ሰው መንገድ ይቀይራል። ዳቦ ቤት ውስጥ መምህሩ ሲገቡ ወረፋው ወደ ውጭ ይፈስ ነበር። በሃያ ሦስተኛው ቀን ሞቱ። የቅሬው ድንኳን ሳይዘረጋ ቀረ፤ የከተማው የቆሻሻ ክፍል ባለ አንድ እጅ ማሽን ልኮ አወረዳቸው። እሸቴ ይህን የሰማ ቀን እንጀራ አልቀመሰም።

የመምህሩ ሞት በመስኮቱ የተነገረው ግን ከተቀበሩ ከቀናት በኋላ፣ በዚያው በድልድዩ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቤት ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ። እታገኝ አንሶላ ታጥፋለች። እሸቴ ከመጋረጃው ጀርባ አልጋው ላይ ነው። ጎረቤታቸው ሽታዬ አጥሚት በቴርሞስ ይዛ መጥታ ከበሩ አጠገብ ቆማለች። ሽታዬ ባሏ የሞተባት፣ አንድ ልጇ በባሕር ማዶ የሚኖር ሴት ናት፤ እሸቴ ከተኛ ጀምሮ አንድም ጠዋት ሳትመጣ ቀርታ አታውቅም። መስኮቱ ብልጭ አለና “ወንድይራድ ሞተ” አለ። አረፉ አላለም፤ ሞተ ነው ያለው።

“ነፍስ ይማር” አለች እታገኝ።

ሳታስበው ነው። ይህን የሚያስብ ማን አለ? የአያቷ አያት ያሉትን፣ ሰው ሞተ ሲባል ገና ማን እንደሆነ ሳይጠየቅ ከአፍ የሚወጣውን ነው ያለችው። ከመጋረጃው ጀርባም ሳንባው ባቀጠነው ድምፅ “አሜን” ተባለ። ሽታዬ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መስኮቱ እንደ ትንሽ ደወል ቂው አለ።

“አቋምዎ ተመዝግቧል” አለ። “ለአደባባይ ቀርቧል።”

አራት ሰዓት ላይ አርባ ሺህ ሰው ሰምቶታል። ስድስት ሰዓት ላይ እታገኝ ዳቦ ቤት ስትገባ ወረፋው ወደ ውጭ ፈሰሰ። ዳቦ ጋጋሪው ከሠላሳ ዓመት በላይ የሚያውቃት ሰው ነው፤ ዳቦውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ወደ ጓዳ ገባ። ተመልሳ ስትመጣ ከሰፈሩ መግቢያ ጀምሮ በሮች ከፊቷ እየተዘጉ ሄዱ። ማንም አልሰደባትም። ስድብ ቢሆን ትመልስ ነበር።

የቅሬው ዳኛ፣ ሰብሳቢው አቶ ይመር፣ ከሰዓት በኋላ መጡ። ከቦዩ ማዶ፣ ሃያ እርምጃውን በዓይናቸው ለክተው ቆሙ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

“እታገኝ፣ ምን ሆነሽ ነው?” ብለው ጮኹ።

“ምን ሆንኩ ጋሽ ይመር? ሰው ሞተ ሲባል ምን ይባላል?”

“እሱን ለኔ ነው የምትነግሪኝ? እኔም በሆዴ ብያለሁ። በሆድ ነው እንጂ!”

“እሸቴ እየደከመ ነው” አለች። “ቀኑ ቢደርስ… ትወጣላችሁ?”

አቶ ይመር ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዟዟሩት። “አባቴን የቀበረልኝ እሸቴ ነው። ያን ቀን ድንጋዩ እምቢ ብሎት በጥፍሩ ሁሉ ነው የቧጠጠ። ልዋሽሽ አልችልም እታገኝ። በቀይ ቤት ሰው አይወጣም። እኔም አልወጣም። ልጆች አሉኝ።”

“እና ምን ላድርግ?”

“ተመለሽ። ሦስት ጊዜ ይፈቅዳል። ሙቱን ትወቅሻለሽ፣ ፊትሽን ታስገቢያለሽ፣ ካለፈልሽ ስምሽ ይነጣል። ደግሞ አንድ ነገር አለ” አሉና ድምፃቸውን ዝቅ ለማድረግ ሞከሩ፤ ከሃያ እርምጃ ላይ ሆኖ ድምፅን ዝቅ ማድረግ ግን አይቻልም። “አሜን ያለው ማን ነው? አደባባዩ ሁለተኛው ድምፅ የማን ነው እያለ ነው። እሱን ካልተናገርሽ አይለቅሽም።”

እታገኝ ወደ ቤቱ ዞር አለች። መስኮቱ የእሸቴን ድምፅ አያውቀውም፤ የታመመ ሰው ፊት አያስገባም፣ እሸቴም ካለፈው ክረምት ወዲህ አንዴም አላናገረው። የድሮው የእሸቴ ድምፅ ደግሞ ከአጥር ማዶ የሚሰማ ነበር፤ አሁን የቀረው የወንድ ይሁን የሴት የማይለይ ክር ነው። የእሱን ስም ብትሰጥ ይቀላል፤ ቀይ ሰው አይቀበርም። ዝም ብትል እሷ እንደቀላች ትቀራለች፤ የቀይ ቤት ሬሳም አይቀበርም። አቶ ይመር መንገዱን ካሳዩዋት በኋላ ባርኔጣቸውን አድርገው ሄዱ።

የመጀመሪያውን ሙከራ ያን ዕለት ሳይመሽ አደረገች። መስኮቱ ፊት ቆመች። “ወንድይራድ” አለች። መምህር ማለት አይፈቀድም። “ወንድይራድ ከሃዲ ነበር። ነፍሱን አይማረው።” ሰባት ሰከንድ ቆመች። የእሷና የእሸቴ ሴት ልጅ በአምስት ዓመቷ ስትሞት መምህሩ ጥቁር ክራቫት አድርገው መጥተው በዚህ በር የገቡበት ቀን በሐሳቧ መጣ።

“ሐዘን ታይቷል” አለ መስኮቱ። “ሁለት ሙከራ ይቀርዎታል።”

እሑድ ጠዋት ሽታዬ በጓሮ በኩል፣ በማድ ቤቱ ቀዳዳ መጣች። ማድ ቤት ውስጥ መስኮት የለም። ቅዳሜ ዕለት ከእታገኝ ጋር ክፍሉ ውስጥ ስለታየች እሷም አቋሟን ተጠይቃ ነበር፤ “አጥሚት አድርሼ ልወጣ ስል ነው የሰማሁት” ብላ ፊቷን አስገብታ አልፎላታል። ድጋሚ ብትታይ እንደማይታለፍላት ሁለቱም ያውቃሉ። ቴርሞሱን አስቀመጠችና ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደች።

“ነይ እስቲ እንለማመድ” አለቻት። “አብሽሪ፣ ቁጣ እንደ ማስነጠስ ነው፤ ጀማሪው ነው የሚቸግረው። አለቃሽን አስቢያት። ያችን ‘ቅንድብ! ቅንድብ!’ የምትለዋን።”

“ታስቀኛለች እንጂ አታናድደኝም።”

“በሞትኩት! እንግዲያ የኔን አማት አስቢያት” አለች ሽታዬ። ተያይተው ሳቁ። አፋቸውን በነጠላ አፍነው፣ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው፣ እንደ ልጅ ሳቁ። ከዚያ እታገኝ ማልቀስ ጀመረች፤ ሽታዬ ደረቷ ላይ አስደገፈቻት። ስትወጣ፣ “አሜኑን የማን ነው ካሉሽ አልሰማሁም በይ” አለቻት። “ጆሮዬ ይደክማል በይ። ሰው ሲያረጅ ምን ይሰማል?”

በሁለተኛው ሙከራ እንደዚያ አለች። “ፍርሃት ታይቷል” አለ መስኮቱ። “ሁለተኛው ድምፅ አልተገለጸም። አንድ ሙከራ ይቀርዎታል።”

እሸቴ ከመጋረጃው ጀርባ ሁሉንም ይሰማ ነበር። ያን እሑድ ከሰዓት በኋላ ጠራት፤ መስኮቱ እንዳይሰማቸው ጆሮዋን ወደ አፉ አስጠግታ በሹክሹክታ ነበር የሚያወሩት። እግሩ አብጦ ነበር፤ አፍንጫው ሾሏል። ሬሳ ብዙ ያየ ሰው ነውና የራሱን ምልክት ያነብብ ነበር።

“ተይው እታገኝ” አላት። “ሙት ወቃሽ አልሁን። መምህሩ ምን አደረጉን?”

“ምንም አላደረጉንም።”

“እኮ። ተይው።” ትንሽ ተነፈሰ። ዓይኑን ወደ ጣሪያው አደረገ። “ማሽኑ ግን… አየሁት እኮ እኔ። ገና ሳልተኛ፣ ሲሞክሩት ወስደው አሳይተውኝ ነበር። እንደ ጆንያ ነው የሚጥለው። ገመድ የለው፣ ‘ቀስ፣ ቀስ’ የሚል የለው። ጓ አድርጎ ነው። ራሱ በየት በኩል እንደሆነ እንኳ አያይም።” እንባው መጣ። “ሰው እንዴት በግንባሩ ይደፋል፣ እታገኝ? እኔ አንድም ሰው በግንባሩ አልደፋሁም።”

ሠላሳ አራት ዓመት አብራው ስትኖር ሲያለቅስ ያየችው ልጃቸውን የቀበረ ቀን ብቻ ነው። ያኔም አፈሩን ካለበሰ በኋላ ነው ያለቀሰው። አሁን እንባው ወደ ጆሮው እየወረደ ነበር፤ እጁ ስለማይነሳለት አይጠርገውም። እታገኝ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት። ምን እንደምታደርግ ያን ጊዜ አወቀች፤ ማወቋንም ጠላችው።

ሰኞ ጠዋት፣ ከዕለቱ ጥያቄ በፊት፣ መስኮቱ ፊት ቆመች።

“የመጨረሻ ሙከራ ነው” አለ መስኮቱ። “ሁለተኛው ድምፅ የማን ነው?”

“የሽታዬ ነው” አለች።

“ሽታዬ በዕለቱ እዚያ ነበረች። አፏን በእጇ ሸፍናለች። ለምን?”

“እንዳይታይባት ነዋ!”

እዚህ ላይ ቁጣ ያስፈልግ ነበር። መጣም። እታገኝ ራሷ ከየት እንደመጣ አላወቀችም። ይቺ ሴት ያን ቅዳሜ ማን ነይ አላት? ማን አጥሚት ለመናት? በሁለት እግሯ ትሄዳለች፤ ትስቃለች፤ ደግ ናት ይሏታል። ስትሞት ሰፈሩ ሁሉ ይወጣላታል፤ የኔ ባል ግን በግንባሩ ይደፋል። ሰው የሚጠላው ነገር ካስፈለገው አጠገቡ አያጣም፤ ደግ ሰው ደግሞ ለዚህ ከማንም ይመቻል። “ነፍሱን አይማረው!” አለች። “እሱንም፣ እሷንም!” ጥርሷ ገጠመ፣ ቅንድቧ ወረደ፤ አለቃዋ ብታያት ባጨበጨበችላት ነበር።

“ቁጣ ታይቷል” አለ መስኮቱ። “ስምዎ ነጥቷል። እናመሰግናለን።”

እታገኝ መጋረጃውን ገልጣ ገባችና ጆሮዋን ወደ አፉ አስጠጋች። መጀመሪያ የተናገረው እሸቴ ነው።

“ሽታዬ እኮ አሜን አላለችም።”

“አውቃለሁ።”

ከዚያ እንደ ልጅ በቀጠነ ድምፅ፣ “ታዲያ ይወጣሉ?” አላት።

“ይወጣሉ።”

“ተመስገን” አለ እሸቴ፤ ዓይኑንም ጨፈነ። ስለ ሽታዬ ሌላ ነገር አልተናገረም። እሷም አላነሳችበትም።

ረቡዕ ማለዳ ሞተ። አቶ ይመር ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ ሃያ እርምጃ ሳይለኩ፣ ቀጥታ በበሩ ገብተው አቀፏት። ድንኳኑ ተዘረጋ፣ ወንበሩ ተደረደረ፤ የቅሬው ሴቶች ንፍሮውን ጣዱ። ዳቦ ጋጋሪው ሁለት ጆንያ ዳቦ ይዞ መጣና እግሯ ሥር ተደፍቶ አለቀሰ። የአለቃዋ ለቅሶ ደግሞ ከሁሉም በላይ ነበር። በዚያው ጠዋት የዕለቱ ጥያቄ፣ ከሰኞ ጀምሮ ስሟ ስለቀላው ስለ ሽታዬ፣ “በሐሰት አልፋ የተገኘችው ሴት የተደበቀችው በማን ደግነት ነው?” የሚል ነበር። ሰዉ ድንኳኑ ውስጥ እንደተቀመጠ፣ በየተራ እየተነሳ፣ እንባውን ጠርጎ ፊቱን አስገባና ወደ ለቅሶው ተመለሰ። እታገኝም ተነስታ አስገባች።

መቃብሩ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ፣ ቦርከና ወንዝ ከሚታይበት ተዳፋት ላይ ነው። ሰው በሰው ላይ ነበር የወጣው፤ ከሸክላ ሰፈር ብቻ አይደለም፣ ከታች ከገበያውም መጥቷል። ስሟ ቀልቶ የነጣ ሴት ለቅሶ ላይ መታየት ጥሩ አቋም ነው። ሳጥኑን ስድስት ወንዶች ተሸክመው ዳገቱን ወጡ፤ አቶ ይመር ከፊት ሆነው “ቀስ! ቀስ በሉ! ራሱን ወደዚህ!” ይሉ ነበር። እታገኝ ይህን ስትሰማ ከሐዘኗ ሥር ደስታ የሚመስል ነገር ተሰማት። ይሰማህ እንደሆነ ስማ፣ አለች በሆዷ። ቀስ እያሉልህ ነው።

ሳጥኑ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠ። ካህኑ ፍትሐቱን ጨረሱ። ወንዶቹ ገመዱን ከሥሩ አሳልፈው ሊያነሱ ሲሉ በስተታች በኩል ያለው ሰው መከፈል ጀመረ። ማንም አልጮኸም፤ ሰዉ ዝም ብሎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሸሸ። በመካከሉ በተከፈተው ባዶ መንገድ ሽታዬ ብቻዋን ትመጣለች። ጥቁር ለብሳለች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረቷ ላይ አስራለች። ከሁለት ቀን ወዲህ ያነጋገራት ሰው እንደሌለ ከከንፈሯ መድረቅ ያስታውቃል።

“እሸቴ ወንድሜ!” ብላ ጮኸች። “የሰው ሁሉ አውራጅ፣ የሰው ሁሉ አፈር መላሽ! አንተን ማን ያውርድህ!”

ያን ቀን ከተለቀሰው ሁሉ ለቅሶ የነበረው ይኼ ብቻ ነው። ያንንም ሰው ሁሉ አወቀው፤ ስለዚህ ይበልጥ ሸሸ። ጉድጓዱ አጠገብ ያሉት ስድስት ወንዶች ተያዩ። አንዱ ገመዱን ለቀቀና ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ። ሁለተኛው ተከተለው። የመቃብሩ ምሰሶ ላይ ያለው መስኮት የአንደኛውን ስም ሲጠራ የቀሩትም ለቀቁ። ሳጥኑ በጉድጓዱ ጠርዝ ላይ፣ ግማሹ አፈሩ ላይ ግማሹ አየር ላይ ሆኖ፣ ብቻውን ቀረ።

“እታገኝ” አሉ አቶ ይመር በጆሮዋ። እሳቸውም ወደ ኋላ እየሄዱ ነበር። “አንድ ነገር አድርጊ። ገና አልወረደም።”

ሽታዬ እታገኝ ፊት ደርሳ ቆመች። ቁጣ ይሆናል ብላ እታገኝ ዓይኗን ፈልጋ ነበር፤ አላገኘችም።

“አንቺን ልወቅስ አልመጣሁም” አለች ሽታዬ ቀስ ብላ። “አውቄልሻለሁ። እኔም ብሆን ለባሌ አደርገው ነበር ይሆናል። አንድ ጭብጥ አፈር ላልብሰውና እሄዳለሁ። አንድ ጭብጥ ብቻ።” አለችና ለመዝገን ጎንበስ አለች።

ሳጥኑ ከጠርዙ ትንሽ ሸርተት አለ። ከሥሩ ኮረት ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ ተሰማ። የያዘው ሰው የለም።

እታገኝም ጎንበስ አለች። እሷ ያነሳችው ከእሸቴ ጉድጓድ የወጣውን፣ ጡጫ የሚያህለውን ነጭ ድንጋይ ነው። ቀጥ ስትል ሽታዬ ገና እንደጎነበሰች ነበረች፤ አፈሩን ዘግና ቀና ስትል አየቻት።

“ከባሌ ራቂ!” አለች እታገኝ። “አንቺ ርጉም፣ ከባሌ ራቂ!” ወረወረችም።

ከቅርብ ስለሆነ አልሳተችም። ሽታዬ ግንባሯን ይዛ አንድ ሁለቴ ወደ ኋላ ተንገዳገደች፤ በጣቶቿ መካከል ደም መጣ። ሕዝቡ ሲጠብቀው የቆየ ነገር እንደተፈቀደለት ሁሉ አንድ ላይ ተነፈሰ። ሁለተኛውን ድንጋይ ማን እንደወረወረው እታገኝ አላየችም። ሦስተኛውን የወረወረው ዳቦ ጋጋሪው ነው። ከዚያ በኋላ መቁጠር የሚቻል አልነበረም። ሽታዬ ዳገቱን ወደ ታች ሮጠች፣ ወደቀች፣ ተነሳች፤ ከግንቡ አጥር ሥር ስትደርስ እንደገና ወደቀችና አልተነሳችም።

ወንዶቹ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ አራግፈው ወደ ገመዱ ተመለሱ። “ቀስ! ቀስ በሉ!” አሉ አቶ ይመር። እሸቴ በስድስት ሰው እጅ፣ ሳይንገጫገጭ፣ ራሱን ወደ ምዕራብ አድርጎ፣ በጀርባው ወረደ። አፈሩን ያለበሰው ሰው ብዛት ጉድጓዱን በአንድ አፍታ ሞላው።

ከዚያ ሰዉ ተሰልፎ “እግዜር ያጥናሽ” ማለት ጀመረ። ሰልፉ ረጅም ነበር። እታገኝ የእያንዳንዱን እጅ እየጨበጠች በትከሻው ላይ ወደ አጥሩ ሥር ታያለች። ከዚያ የሚንቀሳቀሰው የነጠላው ጫፍ ብቻ ነው፤ ነፋሱ ያነሳዋል፣ ይመልሰዋል። በዙሪያው ሃያ እርምጃ ያህል ሰው አልነበረም።

አለቃዋ ተራዋ ደርሶ አቀፈቻት። ጉንጯ በእንባ ረጥቦ ነበር።

“እንዴት ያለ ቀብር ነው የተቀበረ እናቴ!” አለቻት። “እንዴት ያምራል! ስንት ሰው ወጣለት!”

“አዎ” አለች እታገኝ። “አምሮለታል።”